በመቃብሩ አፋፍ የተሰጠ ቃል

ኑ፣ ተጠጉ። ይህ ነገር ቆመው የሚሰሙት አይደለም፤ የቆመ ሰው ግማሹን ይዞ ይሄዳል፣ የዚህ ነገር ግማሹ ደግሞ ሰው ያሳስታል። መደቡ ላይ ቦታ አለ፤ ጋቢያችሁን ሰብስባችሁ ተቀመጡና ስለ ጌጤ ስሙኝ።

ጌጤ የይግዛው ልጅ ናት። አገሯ ታች ጋይንት ነው፣ ከአርብ ገበያ ወዲያ፣ ማልዶ ከመንደሯ የተነሳ እግረኛ ገበያው ሳይሞላ የሚደርስበት። ከባሏ ተፋታ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ቀን፣ ይግዛው «ምን ሆነሽ መጣሽ?» አላላትም። «ምሳ በልተሻል?» ነው ያላት። እንደዚያ ያለ ሰው ነበር። ስድስት ዓመት አብረው ኖሩ፤ እሱ ሲደክም እሷ ጦረችው። አንዲት ልጅ አለቻት፣ እድላዊት የምትባል፣ ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይታ አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማር። የልጅቷ ኪራይም ቀለቧም የሚወጣው ከወንዙ ዳር ካለችው ማሳ ነው፤ በበጋ በመስኖ ድንች፣ በክረምት ገብስ ከምትሰጠው። ጌጤ ከዚያች ማሳ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

ይግዛው የካቲት ሲጋመስ ሞተ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ቀበረው። በዚያ አገር፣ ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ሬሳው ወደ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት፣ አንድ ነገር ይጠየቃል። ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ከዚህ ሰው ጋር ሒሳብ ያለው አሁን ይናገር» ይላሉ። ያን ጊዜ ወንድ ልጁ ብድግ ብሎ የአባቱን ዕዳ በራሱ ላይ ይቀበላል። ነፍስ በሰው ገንዘብ ታስራ መሄድ የለባትማ። የጌጤ ወንድም ግን ለአጨዳ ሥራ መተማ እንደወረደ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ አራት ዓመት ሆኖታል። ቄስ ወልደ ሰንበት፣ የይግዛው የነፍስ አባት፣ ዙሪያውን አዩ። የሚነሳ ጠፋ።

ጌጤ ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና በጉድጓዱ አፋፍ ቆመች።

«የአባቴ ዕዳ በእኔ ነው» አለች። «ያበደረው እኔን ይያዝ። አባቴን ልቀቁት።»

ሴት ስትለው ሰምተው አያውቁም ነበርና ሰዉ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ «ወንድ ወለደ ይግዛው!» ሲሉ ግን ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከቀብሩ መልስ አንዲት ባልቴት አንድ ቁና ምስር አለኝ አለች፤ አንዱ ደግሞ የሞፈር ዋጋ። ጌጤ በሳምንቱ ሁሉንም ከፈለች። በዚያን ሰሞን ልቧ ቀሏት እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

አርባው ሊወጣ አሥር ቀን ሲቀረው ተስፋሁን መጣ።

ተስፋሁን የባንክ ሰው ነው፤ ባንኩ ማን እንደሆነ ተዉት፣ ስሙ ለነገሩ አይጠቅምም። ያልተከፈለ ብድር እየዞረ የሚያስመልስ፣ ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው። አጥሩ ላይ ቆሞ «እትዬ ጌጤ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለ። እሷም ለቅሶ ሊደርስ የመጣ መስሏት ወንበር አወጣችለት። ጠላ ቀዳችለት። ሁለት ጊዜ ተጎነጨና ከብብቱ ማኅደር አወጣ።

«አባትሽ ከሁለት ዓመት በፊት ለከብት ማድለቢያ ስድሳ ሺህ ብር ወስደዋል። እስካሁን አልተከፈለም። ከወለድና ከቅጣቱ ጋር…» የቀረውን ለመጥራት አፈረ መሰል፣ ወረቀቱን አዞረላት።

ጌጤ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች። የአባቷን ስም አነበበች። ቁጥሩንም አነበበች። ከግርጌው ሰማያዊ የጣት አሻራ አለ፣ ደብዘዝ ያለ።

«ከብት?» አለች። «እስኪ ግቢውን እየው ወንድሜ። አንድ ጎባጣ በሬ ነው ያለን። ምኑ ነው የደለበው?»

«እኔ ያን ጊዜ እዚህ አልነበርኩም፤ አምና ነው ተዛውሬ የመጣሁ። ወረቀቱ የሚለውን ነው የምነግርሽ።»

«ወረቀቱ ይዋሻል። አባቴ ብር ሲበደር እኔ ሳላውቅ?»

ተስፋሁን አንገቱን ደፋ። «እትዬ ጌጤ፣ እኔ አንቺን መጠየቅ ባልቻልኩ ነበር። ግን ቀብሩ ላይ ‹ዕዳው በእኔ ነው› ብለሻል አሉ። አገር የሰማው ነው። አለቆቼም ሰምተዋል።»

ወጥመዱ ያን ጊዜ ነው ጠቅ ብሎ የተዘጋው። አባቷን ልትፈታ የተናገረችው ቃል ዞሮ የእሷን እግር ያዘ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አልነበራትም። ስልኳ ጠዋት ይጮኻል፣ ቀትር ላይ ይጮኻል። አንዴ ተስፋሁን ነው፣ አንዴ አለቃው ነው፣ አንዴ ደግሞ ስሙን የማይናገር ከዞን የሚደውል ሰው። ቢመራት ስልኩን ጎታው ውስጥ ከገብሱ ሥር ቀበረችው። ከገብሱ ሥርም ጮኸ። ጎረቤቷ ካሣነሽ፣ ጠላ ሻጯ፣ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ነበረችና «እግዚኦ! ገብስሽ ሊበቅል ነው!» ብላ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ጌጤም ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቁ እንባ ሆነ።

ተዝካሩ ላይም ተስፋሁን መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከሰው እኩል በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር አለ። ካሣነሽ በጆሮዋ «የዚህስ ይለያል። ሙቱን ይከሳል፣ የሙቱን ድግስ ይበላል» አለቻት።

ግንቦት ሲገባ ማዳበሪያ ልትመዘገብ ብትሄድ፣ መዝጋቢው ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ወርዶ ስሟ ላይ ቆመ። ውዝፍ ያለበት ቤት አይሰጠውም። «እኔ ምን ላድርግሽ እህቴ» አለ፣ ወደ ቀጣዩ ሰው እያየ። ማሳዋን በእኩል የሚያርስላት ሰውም ይህን ሰማና «እንግዲህ ዘንድሮ በሬዎቼ ደክመዋል» አለ። የበሬዎቹ ድካም ሌላ ማሳ ላይ አልታየም። በሳምንቱ መጥሪያ መጣ፦ አርብ ገበያ ፍርድ ቤት፣ ሰኔ ሦስት ቀን። ከመጥሪያው ጋር ማሳዋ ለሌላ እንዳይተላለፍ፣ በኪራይም እንዳይሰጥ እግድ ተያይዞ ነበር። የመሬቱን ደብተር አስረክቢ ተባለችና አስረከበች።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አዛውንት አሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩላት።

«አሻራው ደብዝዟል። አንቺ የአባቴ አይደለም ካልሽ ለምርመራ አዲስ አበባ ይላካል፣ እሱም መልስ ላይኖረው ይችላል። እነሱ የተደገፉት በቃልሽ ነው። አንቺ ‹አላልኩም› ካልሽ ነገሩ ይፈርሳል። ይኸው ነው። አንዲት ቃል።»

«ብያለሁ እኮ፣ አባቴ።»

«ማን ጻፈው?» አሉ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ።

እድላዊት በስልክ ስትሰማ ጮኸች። «እማዬ፣ ምን ያስጨንቅሻል? አላልኩም በያ! ማንም ሪከርድ አላደረገሽም እኮ!»

«ምን አላደረገኝም?»

«ድምፅሽን አልቀዳም ማለቴ ነው። ማስረጃ የላቸውም። እማዬ፣ መሬቷ ከሄደች እኔ የት ነው የምማረው?»

ጌጤ ስልኩን ዘግታ እጇ ውስጥ ይዛው ቆየች።

የባንኩ ምስክሮች ሁለት ናቸው፣ ካሣነሽና ፍሥሐ። ሁለቱም ከይግዛው ጋር በአንድ የብድር ቡድን የነበሩ። ካሣነሽ ጉዳዩን በቀልድ ነው የወሰደችው። «እኔ በዚያን ቀን ጆሮዬን አሞኝ ነበር እላለሁ። ደግሞ እውነት ነው፤ ከጥምቀት ጀምሮ ነው የሚያመኝ።» ፍሥሐ ግን አልቀለደም። የቡድኑ ሊቀመንበር እሱ ነው፣ የይግዛውም የጽዋ ማኅበር ወንድም። ሁለት ጊዜ ቤቷ ድረስ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ እንጀራ ቀርቦለት ሳይቀምስ ተቀመጠ።

«ካጂ፣ ልጄ» አላት። «እኔም አልሰማሁም እላለሁ። የሞተ ሰው ምን ይሆናል? ሙት አይታሰር። ብድሩ ከእሱ ጋር ይቀበራል።»

«ቃሌስ፣ አያ ፍሥሐ?»

«ቃል ምን ያደርጋል፣ ልጅሽ ከትምህርት ከምትወጣ?» ይህን ሲል ወደ ምድጃው ነበር የሚያየው፣ ወደ እሷ አላየም።

በመጨረሻ ወደ ቄስ ወልደ ሰንበት ሄደች። ቅዳሴ ወጥተው ደጀ ሰላሙ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው አገኘቻቸው። መስቀላቸውን ተሳለመችና ተንበረከከች።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ቃሌን ላንሳው። አባቴ ያልበላውን ነው የሚያስከፍሉኝ።»

«ተነሽ ልጄ፣ ድንጋዩ ይበርድሻል።» እጇን ይዘው አስነሷት። «ኃጢአት ቢሆን እፈታሽ ነበር። ይህ ግን ኃጢአት አይደለም። ቃሉን ለእኔ አልሰጠሽኝ፣ እኔ ምን ብዬ እመልስልሻለሁ?»

«እንግዲያው ይህን ይንገሩኝ። አባቴ በንስሐው ነግሮዎታል? ያን ብር ወስዶ ነበር ወይ?»

ቄሱ ፊታቸው ተለወጠ። መስቀሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «ጌጤ። እሱን አትጠይቂኝ።»

ፊታቸው ምን እንደነገራት አላወቀችም፤ አዎ ይሁን አይደለም። ወደ ቤቷ ስትመለስ በመንገዱ ሁሉ ያን ፊታቸውን ልታነብ ሞከረች። ካደች ማለት አባቷን እንደገና አሠረችው። አመነች ማለት ልጇን ሜዳ ላይ ጣለቻት። በቀኝም በግራም ገደል ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ሰኔ ሦስት ቆማለች።

የቀጠሮው ቀን ሦስቱም አብረው ወረዱ፣ ጌጤ ከፊት፣ ካሣነሽና ፍሥሐ ከኋላ። ሰማዩ ከብዶ ነበር። በየማሳው ሰው ያርሳል፤ የእሷ ማሳ ብቻ እንደ ጾመኛ ሆድ ተኮማትሮ ተቀምጧል።

ዳኛዋ ለስለስ ያለ ድምፅ ያላቸው ወጣት ሴት ናቸው። ምስክሮቹን ውጭ አስቀመጡ። ተስፋሁን ለባንኩ ቆመ። ወረቀቱ ተነበበ። ከዚያ ዳኛዋ ወደ ጌጤ ዞሩ።

«በአባትዎ ቀብር ላይ ‹ዕዳው በእኔ ነው፣ እኔን ይያዝ› ብለዋል ይላል ከሳሽ። ብለዋል ወይስ አላሉም?»

አንዲት ቃል ናት። ጌጤ «አላልኩም» የምትለዋን ቃል ሌሊቱን ስትለማመዳት ነበር ያደረችው፤ ምላሷ ላይ ተዘጋጅታ ነበር። አፏን ስትከፍት ግን የታያት ጉድጓዱ ነው። አፈሩ፣ ሰሌኑ፣ የሰዉ ዝምታ። ያን ቀን ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አባቷን ብቻውን ያልተወችው እሷ ነበረች። አሁን ልትተወው ነው?

«ብያለሁ» አለች።

ተስፋሁን እስክሪብቶው ቆመ። እሱ ራሱ «አላልኩም» ትላለች ብሎ ነው የመጣው።

«ዕዳውን ነው ያልኩ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። የአባቴን። ያልበላውን ግን አላልኩም። እሱ ይጣራልኝ።»

ዳኛዋ ጻፉ። ምስክር ይግባ አሉ። መጀመሪያ ካሣነሽ ገባች። ጌጤ አምናለች ሲሏት ቀልዷ ሁሉ ከፊቷ ላይ ረገፈ። ወደ ጌጤ አየች። ወደ መሬት አየች።

«እኔ አያ ፍሥሐን አልቀድምም» አለች። «እሱ ይናገር። እኔ ከዚያ በኋላ።»

ፍሥሐ ገባ። መጽሐፉን መታ፣ ማለ። ይግዛው ሲቀበር ጌጤ ያለችውን ሰምተህ ነበር ወይ ተባለ።

«ሰምቻለሁ» አለ። ሊቀመጥ መሰለ፣ ግን አልተቀመጠም። «ሌላም የሰማሁት አለ። ከእሷ በፊት፣ ከሟቹ ጋር ሒሳብ ያለው ይናገር ተብሎ ነበር። ዝም ያልኩ እኔ ነኝ።»

ዳኛዋ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ በስደት መንገድ ላይ በአጋቾች ተያዘ። በስልክ ሲጮህ አሰሙኝ። ብር ላክ፣ አለበለዚያ ይሞታል አሉኝ። እኔ የራሴን ብድር አልጨረስኩም ነበርና ባንኩ አይሰጠኝም። ለይግዛው ነገርኩት። ‹በእኔ ስም ይውጣ› አለ። ለማድለቢያ ነው ብለን አስጻፍን። ጣቱን አደረገ። ብሩን ከባንኩ በር ሳይወጣ ሰጠኝ። ለሰው አትንገር አለኝ፣ ልጅህ ሲመጣ በደስታ ይነገራል አለኝ።» ፍሥሐ ወደ ጌጤ ዞረ። «ብሩም ሄደ። ልጄም አልመጣ። እሷ ቃሏን ካልበላች፣ እኔ ምን ብዬ ምዬ እበላለሁ?»

ካሣነሽ ከበሩ አጠገብ «እኔም አውቅ ነበር፣ ፈርቼ ነው» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ጌጤ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ያ አሻራ የሌላ ሰው እንዲሆን ስትጸልይ ኖራለች። የአባቷ ነው። በገዛ ፈቃዱ ያደረገው ነው። ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ተስፋሁን ሲናገር ሰማች፣ ወደ እሷ ሳያይ፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እንግዲህ አሻራው የሟች መሆኑ ተረጋገጠ።»

እንዲህ ነው ልጆቼ። ያድናታል ያለችው እውነት መጣና በሩን ከውጭ ቆለፈው። ሕጉ ብሩን ማን በላው አይልም፣ ማን ፈረመ ነው የሚል። ቃሏም የአባቷን ዕዳ ነው የሚል። ሁለቱ ገጠሙ።

ዳኛዋ ከቀትር በኋላ ተነጋግራችሁ ተመለሱ ብለው አስወጧቸው። ግቢው ውስጥ ጌጤ ፍሥሐን ያዘችው።

«ሦስት ወር ሙሉ ይህን ተሸክሜ ስቃጠል አየኸኝ!»

«አዎ።»

«ቤቴ መጥተህ ካጂ አልከኝ! አባቴን ቅበሪው አልከኝ!»

«አዎ፣ ልጄ።»

«‹ልጄ› አትበለኝ!»

ሽማግሌ ሰው ነው። የራሱ ልጅ የት እንዳለ እንኳ የማያውቅ ሰው ነው። ጌጤ ልትመታው ፈለገች፣ አልቻለችም። ከግንቡ ሥር ተቀመጠች። እሱም ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ካሣነሽ ከቋጠሮዋ ቆሎ አውጥታ መሐላቸው አስቀመጠች፤ ማንም አልነካውም።

ከቀትር በኋላ ተስፋሁን አለቃውን ደውሎ ጠይቆ መጣ። ፍሥሐ አብሮ ባለዕዳ ሆኖ ከፈረመ ቅጣቱ ይነሳል፤ የቀረው በሦስት ዓመት ይከፈላል። እስኪያልቅ የመሬቱ ደብተር አይመለስም። ፍሥሐ ፈረመ፣ ያለችውን አንዲት ላምም ለመጀመሪያው ክፍያ ሰጠ። ጌጤም ፈረመች። ስሟን በፊደል ጻፈች፣ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ። እግዱ ሲላላላት የማሳዋን ግማሽ ለሦስት ዓመት ለአንድ የወገዳ ነጋዴ በኪራይ ሰጠች። ያ ግማሽ ድንች የሚበቅልበት፣ ውኃው የሚደርስበት ነው። ለእሷ የቀረው የላይኛው ነው።

እድላዊት ሁለት ወር አኮረፈቻት። ከዚያ ንፋስ መውጫ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ከሰዓት ከሰዓት መሥራት ጀመረች። ትምህርቷን አልተወችም፤ ግን ደብተሯን የምትከፍተው ደክሟት ነው። ጌጤ ይህን ታውቃለች። ማወቋም ራሱ ከዕዳው ይቆጠርላት።

በየወሩ፣ በአንድ አርብ፣ ጌጤና ፍሥሐ አብረው ወደ አርብ ገበያ ይወርዳሉ። መጀመሪያ እሷ ከፊት፣ እሱ በሩቁ ከኋላ ነበር። አሁን ጎን ለጎን ናቸው፣ ግን ብዙ አይነጋገሩም። ተስፋሁን ደረሰኝ ሲጽፍ የተበዳሪ ስም በሚለው ላይ «ይግዛው» ብሎ ይጽፋል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ሁለቱም ብዕሩን ያዩታል። ገና ሃያ ሁለት ወር ይቀራቸዋል።

እንግዲህ ነሐሴ ላይ በዚያ በኩል ብታልፉ፣ ከወንዙ በላይ ማዳበሪያ ያላገኘች፣ አጠር ያለች የገብስ ማሳ ታያላችሁ። የጌጤ ናት። እባካችሁ፣ መንገዱ ቢያስቸኩላችሁም ትንሽ ቆም በሉና ይግዛውን ነፍስ ይማር በሉልኝ። እሷንም አትርሷት።